ዋስ ያገኘው እስረኛ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዛሬ የአንድ ሰው ሕይወት ላወጋችሁ ብዕሬን አንስቻለሁ። ሰውየው ከሞተ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም ስሙን የማያውቅ ሙስሊም ወጣት በከተማችን ይገኛል ብዬ አልገምትም። ፎቶግራፉን በመጻሕፍት መደብሮች ግድግዳና በወጣቶች ካናቴራ ላይ አይተነዋል። በ1992 በሕይወት ታሪኩ ላይ የተሠራውንም ፊልም በዘመኑ ብዙዎቻችን ተመልክተነዋል። ይህ ሰው ማልኮም ኤክስ ነው፤ በኋለኛ ስሙ አል ሐጅ ማሊክ አል ሻባዝ።

ስለ ማልኮም ሲነሳ የምናስታውሰው አንደበቱን፣ ድፍረቱን፣ ሐጁንና አሟሟቱን ነው። እኔን ግን ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ በሕይወቱ ውስጥ ያለ አንድ ቀን ነው። ይኸውም ኦገስት 7 ቀን 1952፣ ከስድስት ዓመት ተኩል እስራት በኋላ ከወህኒ በር የወጣበት ዕለት ነው። (ስለ ማልኮም የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ቀን ለምን እንደከነከነኝ አስቀድሜ ልናገር።

ከጥቂት ወራት በፊት ዐስር ሰግደን ስንወጣ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ሰላም አለኝ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አባቱን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በደንብ አውቃቸው ነበር። ልጁ በስርቆት ተፈርዶበት አራት ዓመት ታስሮ መፈታቱንም ሰምቻለሁ። አንድ ዳቦ ቤት ለሌሊት ሥራ ሊቀጥረው ፈቅዶ ዋስ አምጣ ብሎታል። እኔ እንድፈርምለት ለመነኝ። ላስብበት ብዬ አሰናበትኩት። በማግስቱም በሳልስቱም እዚያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በአራተኛው ቀን ጫማዬን በእጄ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለሰፈሩ ልጆች በምናካሂደው ትምህርት ላይ የማልኮምን ታሪክ በኩራት ስተርክ አመሸሁ። ስጨርስ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ማልኮም ሲፈታ ሥራ የሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ስመልስለት ግን አፈርኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ከዚያ ኀፍረት የተነሳ ነው።

ማልኮም ሊትል ሜይ 19 ቀን 1925 በአሜሪካ ነብራስካ ክፍለ ግዛት፣ በኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኧርል ሊትል የባፕቲስት ሰባኪና የማርከስ ጋርቬይ ተከታይ ነበሩ፤ ጥቁር ሕዝብ በራሱ እንዲኮራና በራሱ እግር እንዲቆም ያስተምሩ ነበር። እናቱ ሉዊዝ የግሬናዳ ደሴት ተወላጅ ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ሚሺጋን ከተዛወረ በኋላ በ1929 ቤታቸው በእሳት ጋየ። በ1931 ደግሞ አባትየው በከተማ ባቡር ሐዲድ ላይ ተጨፍልቀው ሞቱ። የመንግሥት ሰዎች አደጋ ነው አሉ፤ ቤተሰቡ ግን ነጭ ዘረኞች ገድለዋቸዋል ብሎ ያምን ነበር። ማልኮም ያን ጊዜ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር።

እናትየው ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለማሳደግ ቢታገሉም ድህነቱና ኀዘኑ አሸነፋቸው። በ1939 መጀመሪያ ላይ አእምሯቸው ታውኳል ተብሎ ሆስፒታል ገቡ፤ የወጡትም ከሃያ አራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ልጆቹ በየሰው ቤት ተበተኑ። ማልኮም ነጮች በበዙበት ትምህርት ቤት ገብቶ ጎበዝ ተማሪ፣ የክፍሉም አለቃ ለመሆን በቃ። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህሩ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ጠበቃ ብሎ ሲመልስ መምህሩ ይህ ለጥቁር ልጅ የሚሆን ሐሳብ አይደለም፣ ይልቅ አናጢ ብትሆን ይሻላል ሲል መከረው። የአናጢነት ሙያ ክቡር ነው፤ ልጁን የሰበረው በሩ በፊቱ ላይ መዘጋቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ልቡ ከትምህርት ሸፈተ።

በ1941 በአባቱ በኩል እህቱ የሆነችው ኤላ ወደምትኖርበት ቦስተን ሄደ። ጫማ ጠረገ፤ በባቡር ላይ ሳንድዊች ሸጠ። ብዙም ሳይቆይ ኒው ዮርክ፣ ሀርለም ገብቶ ከቁማር፣ ከሐሺሽ ንግድና ከልዩ ልዩ ሐራም ሥራ ጋር ተዋወቀ። በ1944 መገባደጃ ላይ ከዘመድ ቤት የፀጉር ካፖርት ሰርቆ ተከሰሰና የሦስት ወር እስራት በገደብ ተወሰነበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፍርድ ቤቱ ያን ዕለት ማልኮምን ወህኒ አላወረደውም፤ ነገር ግን ተመልሶ የሄደው ወደዚያው መንገድ፣ ወደነዚያው ጓደኞች ነው። የሚሠራው ሥራ፣ የሚያስተምረው ሰው፣ የሚያገለግለው ማኅበረሰብ የሰጠው አልነበረም። ጥፋተኛን ከእስር ማዳን ብቻውን እንደማይበቃ የማልኮም ገደብ ጥሩ ማስረጃ ነው። ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ ከጓደኞቹ ጋር በቦስተን አካባቢ የሰው ቤት እየሰበረ ይዘርፍ ጀመር። በጃንዋሪ 1946 የሰረቀውን የእጅ ሰዓት ለጥገና ሰጥቶ ሊወስድ ሲመለስ ተያዘ። ከስምንት እስከ አሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። ግብረ አበሮቹ የነበሩት ነጭ ሴቶች ቀለል ባለ ቅጣት አለፉ። እሱ ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

የገባበት የቻርልስታውን ወህኒ በ1805 የተከፈተ፣ በክፍሎቹ ውስጥ ውሃ የሌለበት፣ እስረኛው በባልዲ የሚጸዳዳበት ቦታ ነበር። ማልኮም በዚያ ሃይማኖትንና ፈጣሪን ሲሳደብ ስለሚውል እስረኞቹ ሰይጣን የሚል ስም አወጡለት። ከዚያ ቤት ያወጣው የመጀመሪያው ሰው ሌላ እስረኛ ነው። ቤምብሪ የሚባለው ይህ ጎልማሳ በጡንቻው ሳይሆን በንግግሩና በንባቡ ብቻ የተከበረ ሰው ነበር። ጭንቅላት እንዳለውና ቢጠቀምበት እንደሚሻለው ለማልኮም ነገረው። በ1948 ደግሞ በእህቱ በኤላ ጥረት ጭምር ወደ ኖርፎክ ወህኒ ተዛወረ።

ኖርፎክ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሐዋርድ ጊል የሚባል ሰው ያቋቋመው ሲሆን፣ ዓላማውም ታራሚው ከውጭው ዓለም ኑሮ ጋር ሳይራራቅ እንዲታረም ነበር። በክፍሎቹ ላይ የብረት ፍርግርግ አልነበረም። ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ነበረው፤ እስረኞቹም ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ጋር ክርክር ይገጥሙ ነበር። ማልኮም መዝገበ ቃላት ተውሶ ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ በእጁ ገለበጠ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ከኮሪደሩ በሚገባው ጭላንጭል ያነብ ነበር፤ ጠባቂው በየሰዓቱ ሲያልፍ አልጋው ላይ ይወጣና የተኛ ይመስላል፣ ሲሄድ ተመልሶ ይወርዳል። ዓይኑ የደከመውና ያ የታወቀው መነጽር ያስፈለገው ከዚህ የተነሳ ነው።

ወንድሞቹና እህቶቹ በዚህ ጊዜ በኢላይጃ ሙሐመድ የሚመራው ኔሽን ኦፍ ኢስላም የተባለው ድርጅት አባላት ሆነው ነበር። በደብዳቤና በመጠየቂያ ቀን እየመጡ የአሳማ ሥጋና ሲጋራ እንዲተው፣ ወደ አላህም እንዲመለስ ወተወቱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። የዚያ ድርጅት ትምህርት ከተውሒድም ሆነ ከነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የነቢያት መደምደሚያነት ጋር የሚጋጭ ነበር፤ ማልኮምም በኋላ ይህን አውቆ ተለይቷል። ይሁን እንጂ ለአንድ እስረኛ ያደረጉለት ነገር ዛሬ እኛን ትክክለኛ አቂዳ አለን የምንለውን የሚያሳፍር ነው። በደብዳቤ አልተለዩትም።

እነሆ፣ ኦገስት 1952 ደረሰ። ማልኮም በአመክሮ ሊፈታ የሚችለው ውጭ የሚቀበለው ሰውና የሚሠራው ሥራ ካለ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ዊልፍሬድ በዲትሮይት የአንድ የቤት ዕቃ መደብር ሥራ አስኪያጅ ነበርና ሻጭ አድርጎ ሊቀጥረው ተስማማ። ልጁ የጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ማልኮም ከወህኒው ሲወጣ መጀመሪያ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት የእስር ቤቱን ጠረን ከሰውነቱ አጠበ። ቀጥሎም በነበረችው ጥቂት ገንዘብ መነጽር፣ ሻንጣና የእጅ ሰዓት ገዛ። ሰዓት በመስረቁ የታሰረ ሰው በገንዘቡ ሰዓት ገዝቶ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ።

በዊልፍሬድ ቤት ያየውን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ጠዋት አባወራው ቀድሞ ተነስቶ ይታጠባል፤ ቀጥሎ እናት፣ ቀጥሎ ልጆች በተራ ይታጠባሉ፤ ከዚያም በአንድነት ወደ ምሥራቅ ዞረው ይጸልያሉ። በዚያ ቤት ጩኸትና ስድብ የለም። ከአባቱ ሞት ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤት አይቶ አያውቅም። መደብሩ ውስጥ ደግሞ ወንድሙ በዓይኑ ሥር አድርጎ ሥራ አለማመደው። ቀጥሎም በፋብሪካ ተቀጠረ። በ1953 አመክሮውን በሰላም ጨረሰ። በ1954 ድሮ ሐሺሽ ይሸጥበት በነበረው በሀርለም የቤተ ጸሎቱ አስተማሪ ሆነ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እስቲ እናስተውል። ማልኮምን ያነበበው መጽሐፍ ለውጦታል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ኖርፎክ ውስጥ መጽሐፍ ያነበበ እስረኛ እሱ ብቻ አልነበረም። ከወህኒው በር ውጭ ቤት፣ ማዕድ፣ ሥራና ጀመዓ ባይጠብቀው ኖሮ ያ ሁሉ ንባብ የት ይደርስ ነበር? ሂዳያ ከአላህ ነው። በር መክፈት ግን የሰው ድርሻ ነው።

ማልኮምም ይህን ውለታ አልረሳም። በሀርለም ሳለ የሱስ ምርኮኞችን የሚያወጡበት መንገድ ነበራቸው። ከሱሱ የዳነ ሰው ወደ ቀድሞ ጓደኛው ይላካል፤ ጓደኛው ችግሩን እስኪያምንና ለመተው እስኪቆርጥ ድረስ በትዕግሥት ይመላለስበታል። በመጨረሻም አደንዛዡን ዕፅ አቋርጦ ሥቃዩ በሚበረታበት ጊዜ ወንድሞች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ከአጠገቡ አይለዩም። የዳነው ደግሞ በተራው ሌላውን ሊያወጣ ይሄዳል። ወደ ወህኒ ቤቶችም ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ እስረኛ ሙስሊሞችም ለሃይማኖት ነጻነታቸው በፍርድ ቤት ይሟገቱ ነበር። በ1964 ኩፐር የሚባል የኢሊኖይ እስረኛ ባቀረበው ክስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስረኛ ለእምነት መብቱ መክሰስ እንደሚችል ወሰነ።

ማልኮም በማርች 1964 ከኢላይጃ ሙሐመድ ድርጅት ወጣ፤ በኤፕሪልም ለሐጅ ተነሳ። በዚህ ጉዞ ላይም ዋስ አስፈልጎት ነበር። ጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ እስልምናው በሐጅ ፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ ድረስ ወደ መካ አታልፍም ተብሎ ተያዘ። ዐረብኛ አያውቅም፤ ሶላቱንም በወጉ አልተማረም ነበር። በያዘው የስልክ ቁጥር ለዶክተር ዑመር አዛም ደወለ። ዶክተሩ ሳይውል ሳያድር መጥቶ አስወጣው። አባቱ ዐብዱረሕማን አዛም፣ የዐረብ ሊግ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የነበሩት ትልቅ ሰው፣ በሆቴል የያዙትን የራሳቸውን ክፍል ለቀውለት ሌላ ቦታ አደሩ። በመጨረሻም ዳኛው ሙስሊምነቱን መዘገቡለት፤ ልዑል ፈይሰልም የመንግሥት እንግዳ አደረጉት። የቀድሞ እስረኛ የነበረን ሰው ነው እንዲህ የተቀበሉት። በሐጁ ላይ ነጩም ጥቁሩም በአንድ ማዕድ ሲበላ፣ በአንድ ምንጣፍ ሲሰግድ ተመለከተና ነጭ ሁሉ ሰይጣን ነው የሚለውን የድሮ ትምህርቱን እርግፍ አድርጎ ተወ።

ከዚያ በኋላ የቀረችው ዕድሜ አንድ ዓመት አልሞላችም። በጁን 1964 የአፍሮ አሜሪካውያን አንድነት ድርጅትን መሠረተ፤ ስያሜውንም የወሰደው በ1963 በከተማችን በአዲስ አበባ ከተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ነው። በዚያው ዓመት መገባደጃ በአፍሪካ ባደረገው ጉዞ አዲስ አበባንም ጎብኝቷል። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1965 በኒው ዮርክ በአንድ አዳራሽ ሊናገር እንደቆመ በባለቤቱና በልጆቹ ፊት በጥይት ተደብድቦ ተገደለ። ዕድሜው 39 ዓመት ነበር። አላህ ይዘንለት።

ብዙ ጊዜ የምንተርከው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። ለጉዳያችን ግን ከዚህ በኋላ የሆነውም ያስፈልገናል። በ1966 ሦስት ሰዎች በግድያው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። አንደኛው ጥፋቱን አምኖ ሁለቱ ግን የሉበትም ብሎ በችሎት ተናገረ፤ የሰማው አልነበረም። ሁለቱ፣ ሙሐመድ ዐዚዝና ኸሊል ኢስላም፣ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ታስረው በ1985 እና በ1987 በአመክሮ ቢወጡም፣ የነፍሰ ገዳይነት ስም ተከትሏቸው ኖረ። ኸሊል በ2009 ሞተ። ፍርድ ቤት ሁለቱም ንጹሐን መሆናቸውን ያወጀው በኖቬምበር 2021 ነው፤ በማግስቱ ዓመትም ከተማውና ክፍለ ግዛቱ በጠቅላላው 36 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማሙ። ለኸሊል ግን ሞት ቀድሞታል። ከወህኒ የወጣ ሰው ሁሉ ሌባ ነው፣ ነፍሰ ገዳይ ነው ብለን ከበር ስንመልስ፣ ከምንመልሳቸው ውስጥ እንዲህ ያሉም እንደሚገኙ አንርሳ።

ጥፋቱን ያመነውስ? እሱም ከዓመታት በኋላ በወህኒ ሳለ ወደ ትክክለኛው እስልምና ተመልሶ ስሙን ሙጃሂድ ዐብዱልሐሊም አለ። ለረጅም ዓመታት አብዛኛውን ሳምንት ከቤተሰቡ ጋር እያደረ፣ ውጭ እየሠራ፣ በቀሪው ቀን ወህኒ እያደረ እንዲቀጣ ተፈቀደለት፤ በ2010ም በአመክሮ ተፈታ። እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሳስብ ልቤ ይከብደኛል። ማልኮምን የገደለ እጅ ከመስጊድ ሰልፍ ላይ ከጎኔ ቢቆም ምን እሰማ ይሆን? የልጆቹንና የባለቤቱን ቁስል እኔ ልሽረው አልችልም፤ መብቱም የለኝም። ግን የተውባን በር ለማልኮም ሰፊ፣ ለሌላው ጠባብ የማድረግ ሥልጣንም አልተሰጠኝም።

ሃይማኖታችን በዚህ ረገድ ምን እንዳስተማረን እናውቃለን። በሲራ መጻሕፍት እንደተወሳው፣ በሁለተኛው ዓመተ ሒጅራ ከበድር ጦርነት በኋላ ከተማረኩት ቁረይሾች ውስጥ ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ የሌላቸው፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁት፣ እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን እንዲያስተምሩና ነጻ እንዲወጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሰኑ። ሊገድሏቸው የመጡ ጠላቶች ናቸው! ከእስራት ይልቅ ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ ሠሩ፤ ልጆቹም ፊደል ቆጠሩ። ዓለም ይህን መንገድ በሕግ መልክ ያገኘው ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ በተባለ አውራጃ በ1966፣ ማልኮም በተገደለ በዓመቱ፣ የትራፊክ ቅጣት መክፈል ያቃታቸው ሴቶች ከመታሰር ይልቅ ያለ ክፍያ የሕዝብ አገልግሎት እንዲሠሩ ተጀመረ። እንግሊዝ በ1972 በሕግ አጸደቀችው። በአፍሪካም ዚምባብዌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ አዋለችው። ጥፋተኛው ከቤቱ እያደረ፣ እንጀራውን ሳያጣ፣ የተወሰነለትን ሰዓት ትምህርት ቤት ይጠግናል፣ ሆስፒታል ያጸዳል። በጥቃቅን ጥፋት የገባ ልጅ ከከባድ ወንጀለኛ ጋር ታጉሮ ሙያ ከመማር ይድናል።

የእኛም አገር የወንጀል ሕግ፣ በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው፣ ለቀላል ጥፋት ዳኛው ነጻነትን ሳይነፍግ የግዴታ ሥራ እንዲወስን ይፈቅዳል። ቅጣቱን ጨርሶ የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ የቆየ ሰውም ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። ሕጉ ይህን ያህል መንገድ ከሄደ የቀረው የኛ የሰፈርተኞቹ ድርሻ ነው። ዳኛ ሥራ ቢወስን የሚያሠራና የሚከታተል አካል ያስፈልጋል። መስጊዳችን የሚጠገን አጥር የለውም? መቃብራችን የሚጸዳ አረም የለውም? የተፈታውም ሰው በሄደበት ሁሉ ከወንጀል ነጻ የሚል የአሻራ ማስረጃና ዋስ ይጠየቃል። ፍርዱ ከመዝገብ ካልተሰረዘለት የመጀመሪያውን ማግኘት አይችልም። ሁለተኛውን ግን እኛ ልንሰጠው እንችላለን።

ነጋዴ ወንድሞቻችን የሚያነሱትን ስጋት አልንቅም። ዋስ የሆነ ሰው ሊከፍል ይችላል፤ ቤቱም ልጆች አሉት። የተሰረቀበትም ሰው ሐቅ አለው፤ ተውባ የሰው ገንዘብ መመለስን ይጨምራልና። ስለዚህ ነገሩን በጀመዓ እናድርገው። አንድ ሰው ብቻውን ከሚፈርም አምስት ሰዎች ዕዳውን ተካፍለው ይፈርሙ። የተፈታው ሰው ዊልፍሬድ ማልኮምን እንዳደረገው በሚያውቀው ሰው ዓይን ሥር ይሥራ፤ ከመጀመሪያው ቀን ገንዘብ ተቀባይ አይሁን። በየመስጊዱ ኮሚቴ ዘንድ ዋስ ለመሆን ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ዝርዝር ይኑር። በዒድ ቀን የታሰረውን የሚጠይቅ፣ ከመፈታቱ በፊት የት እንደሚያድርና ምን እንደሚሠራ የሚያጣራ ሰው ይመደብ። ከሰደቃችን የመጀመሪያ ወር ቀለቡና የቤት ኪራዩ ቢሸፈን የሚጎድልብን ነገር የለም።

ወደ ሰፈራችን ልጅ ልመለስ። ልጆቹን ባስተማርኩ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ድረስ ሄጄ ይዤው ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድን። ባለቤቱ ሳምንት ጠብቆ ሌላ ሰው መቅጠሩን ነገረን። መንገድ ላይ ልጁ አልወቀሰኝም፤ ምንም አላለም። እኔም የምለው አልነበረኝም። አሁን ከአራት የሰፈር ሰዎች ጋር ሆነን ስማችንንና ፊርማችንን በወረቀት አስፍረን በልጁ እጅ ሰጥተነዋል፤ ሥራ ፈልጎ በሄደበት ሁሉ ያሳየዋል። እስከ ዛሬ ቋሚ ሥራ አላገኘም፤ በቀን ሥራ እየዋለ ነው። የምታነቡ ባለ ሱቆች፣ ባለ ጋራዦችና ባለ ዳቦ ቤቶች፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ልጅ ካጋጠማችሁ እባካችሁ ተቀምጣችሁ አነጋግሩት።

አላህ ያጠፋነውን ይማረን፣ የተመለሱትን ያጽናልን፣ በጓሮ በር ከመውጣትም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።